ቫይረስ ሴሉን በምን ያውቀዋል? የአንባቢያን ጥያቄዎች

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ቫይረስ ናቸው። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ቫይረስ ዓይን የለው፣ እግር የለው። የሚፈልገውን ሴል እንዴት ያገኘዋል?

መልስ፦ ፈልጎ አይደለም፤ በአጋጣሚ ይላተመዋል እንጂ። በንፍጥ ወይም በደም ውስጥ ሲንሳፈፍ ስንቱን ሴል ነክቶ ያልፋል። የሚጣበቀው በላዩ ያለው ፕሮቲን በሴሉ ሽፋን ላይ ካለ ሞለኪውል ጋር ሲገጥም ነው። ይህ ሞለኪውል ተቀባይ ወይም ሪሴፕተር ይባላል። ኮሮናን እንውሰድ፤ በሥዕል የምናየው እሾህ መሰል ፕሮቲኑ ኤሲኢ2 የሚባለውን ተቀባይ ይይዛል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ሰውነታችን ምን ነክቶት ነው ለጠላቱ ተቀባይ የሚያዘጋጀው?

መልስ፦ ለቫይረሱ ብሎ መች አዘጋጀው! ኤሲኢ2 የደም ግፊትን ለማስተካከል የሚረዳ ኢንዛይም ነው። ቫይረሱ በሰው ንብረት ነው የሚጠቀመው።

ጥያቄ፦ ኤችአይቪ የማይዛቸው ሰዎች አሉ ይባላል። እውነት ነው ወይስ ወሬ?

መልስ፦ እውነት ነው፤ ግን በጣም ጥቂት ናቸው። ኤችአይቪ መጀመሪያ ሲዲ4 የተባለውን ተቀባይ ይይዛል። ይህ ብቻ አይበቃውም፤ ሁለተኛ ይፈልጋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ሲሲአር5ን። ከእናትም ከአባትም ጎደሎ የሲሲአር5 ዘረመል የወረሰ ሰው ሴሎቹ ላይ ይህ ተቀባይ አይገኝም። በሰሜን አውሮፓ ከመቶ አንድ ሰው ያህል እንዲህ ነው፤ በአፍሪካ ግን የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ሰፈር ውስጥ «እኔን አይዘኝም» የሚል ካጋጠማችሁ አትስሙት።

ለምሳሌ ቲሞቲ ሬይ ብራውን የተባለ አሜሪካዊ ኤችአይቪ በደሙ ነበር፤ የደም ካንሰርም ያዘው። በ2007 እ.ኤ.አ. በርሊን ውስጥ እንዲህ ዓይነት ጎደሎ ዘረመል ካለው ለጋሽ መቅኔ ተሰጠው። ከዚያ በኋላ መድኃኒት ሳይወስድ ቫይረሱ ጠፋለት። መቅኔ መቀየር ራሱ ሊገድል ስለሚችል ግን ለሁሉም የሚሆን ሕክምና አይደለም። በዚያው ዓመት ሲሲአር5ን የሚሸፍን ማራቪሮክ የተባለ ኪኒን ተፈቅዷል።

ጥያቄ፦ የወፍ ጉንፋን ከሰው ወደ ሰው ለምን በቀላሉ አይተላለፍም?

መልስ፦ የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ የሚይዘው ሲያሊክ አሲድ የሚባል ስኳር ነው። የወፎቹ ቫይረስ የሚመርጠው ዓይነት በእኛ አፍንጫና ጉሮሮ ጥቂት ነው፤ ሳንባ ውስጥ ወደ ታች ግን አለ። እዚያ ከደረሰ በሽታው ይከፋል።

ጥያቄ፦ ልጄ ከኩፍኝ ከዳነ በኋላ ሌላ በሽታ ይመላለስበታል። ለምን?

መልስ፦ የኩፍኝ ቫይረስ ሲዲ150 የተባለውን ተቀባይ ይይዛል። ይህ ተቀባይ ደግሞ ያለፉ በሽታዎችን በሚያስታውሱ የመከላከያ ሴሎች ላይ አለ። እነሱ ሲያልቁ ሰውነት የሚያውቀውን ጀርም ይረሳል። ክትባቱ ግን ይህን ጉዳት አያደርስም። ልጅዎን ሐኪም ይየው፤ ያመለጠው ክትባት ካለም ይጠይቁ።