ራሙ 3200 ተብሎ ተገዝቶ 2400 ላይ የሚሰራው ለምንድነው?

ጥያቄው የመጣው ከለገጣፎ ነው፦ «የሰርግ ቪዲዮ ኤዲት የማደርግበት ዴስክቶፕ አለኝ፣ ራይዘን 5 5600ጂ፣ ቢ450 ማዘርቦርድ፣ ሁለት ባለ 8 ጊጋ ራም። ራሞቹ ላይ 3200 ይላል፣ ታስክ ማናጀር ላይ ግን 2400 ነው የሚያሳየኝ። ጓደኛዬ ባዮስ ገብቶ 3200 አርጎልኝ ነበር፣ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ተመልሶ 2400 ሆነ። ራሙ ፎርጅድ ነው እንዴ? ሌላ ልግዛ?»

አትግዛ ወንድሜ። ጓደኛህ 3200 ሲያረግልህ ከሰራ ራሙ ጤነኛ ነው ብዬ ነው የማስበው። ማዘርቦርድ ራም ሲሰካበት ለጥንቃቄ መደበኛው ፍጥነት ላይ ነው የሚነሳው፣ ለዲዲአር4 (ያንተ ራም ዓይነት) ብዙ ጊዜ 2133 ወይም 2400 ወይም 2666 ነው፣ 3200ው ደግሞ እዛው ራሙ ላይ ባለች ትንሽ ቺፕ ውስጥ እንደ ሌላ ፕሮፋይል ተጽፎ ተቀምጧል፣ አንተ ካላበራኸው እንደጠፋ ይቀራል። ብዙ ሰው ብሩን ከፍሎ ለዓመታት ሳያበራው ይጠቀማል፣ ይሄ ያናድደኛል።

ወደ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚገባበት የማዘርቦርዱ ሴቲንግ) ከመግባትህ በፊት ግን ከላክልኝ ፎቶ ላይ ያየሁትን ልንገርህ፣ ሁለቱ ራሞች ጎን ለጎን ነው የተሰኩት። ባለ አራት ስሎት ቦርድ ላይ እንደዛ ሲሰኩ ሁለቱም አንድ ቻናል (ራሙና ፕሮሰሰሩ የሚገናኙበት መስመር) ላይ ነው የሚወድቁት፣ ሌላኛው ቻናል ባዶውን ይቀመጣል። ኮምፒውተሩን አጥፋ፣ ከሶኬት ንቀል፣ ከፕሮሰሰሩ ስትቆጥር ሁለተኛውና አራተኛው ስሎት ላይ አርጋቸው፣ ጠቅ እስኪል ተጫናቸው። ነቅለህ ሳለ የራሙን ወርቃማ ጥርስ በነጭ ላጲስ ቀስ ብለህ ጥረግና ብናኙን በደረቅ ብሩሽ አራግፍ፣ እናንተ ጋ ኮንስትራክሽኑ ብዙ ስለሆነ አቧራው ስሎት ውስጥ ይገባል።

ይሄ ላንተ ከማንም በላይ ነው የሚጠቅመው ምክንያቱም ፕሮሰሰርህ 5600ጂ የራሱ ግራፊክስ ሜሞሪ የለውም፣ ከዛው ራም ነው የሚበደረው። በወረቀት ደረጃ 2400 ላይ በአንድ ቻናል በሰከንድ 19.2 ጊጋባይት ነው የሚያልፈው፣ 3200 ላይ በሁለት ቻናል 51.2 ይሆናል። ሁለተኛው ቻናል እጥፍ ያረገዋል፣ ከ2400 ወደ 3200 መውጣት ግን በሲሶ ብቻ ነው የሚጨምረው፣ ስለዚህ ስሎቱን ማስተካከል ብቻውን ፍጥነቱን ከማብራት በላይ ያመጣል።

አሁን ባዮስ። ሲነሳ ዲሊት ቁልፍን ደጋግመህ ተጫን፣ ኤክስኤምፒ የሚል ፈልግ (ያ 3200 የተጻፈበት ፕሮፋይል ስሙ ነው)፣ ኤምኤስአይ ከሆነ ኤ-ኤክስኤምፒ፣ አሱስ ከሆነ ዲኦሲፒ ይለዋል፣ ፕሮፋይል 1 ምረጥና በኤፍ10 ሴቭ አርገህ ውጣ። ቮልቴጁ ከ1.2 ወደ 1.35 ከፍ ካለ አትደንግጥ፣ ብዙ 3200 ራም የሚፈልገው እሱን ነው፣ ከዛ በላይ ግን በእጅህ አትጨምር። ከዛ ስክሪኑ ጨልሞ ሁለት ሶስቴ ራሱን ሊያጠፋና ሊያበራ ይችላል፣ ራሙን እየለመደ ነው፣ ታገሰው እንጂ ፓወሩን አትንካ።

መብራት ሲጠፋ ለምን ይመለሳል ላልከው፣ እኔ የምጠረጥረው ቦርዱ ላይ ያለችውን ሲአር2032 የምትባል ክብ ትንሽ ባትሪ ነው። ኮምፒውተሩ ጠፍቶም ሶኬት ላይ እስካለ ድረስ ከፓወር ሰፕላይው ትንሽ ኃይል ስለሚመጣ ባትሪዋ ታርፋለች፣ መብራት ሲሄድ ወይም ማታ ማታ ማከፋፈያውን ስታጠፋው ግን የባዮሱን ሴቲንግና ሰዓቱን የምትይዘው እሷ ብቻ ናት፣ መብራት በብዛት የሚጠፋበት ሰፈር ላይ ደግሞ ቶሎ ነው የምታልቀው፣ ያገለገለ ቦርድ ከሆነማ ከመጀመሪያውም አልቃ ሊሆን ይችላል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ቀኑን እይ። ወደ ድሮ ዓመት ተመልሶ ከሆነ፣ ብሮውዘሩም ድረገጾችን አልከፍትም ካለህ፣ ባትሪዋ ናት። ቴስተር ካለህ ለካት፣ አዲስ ከሆነች 3 ቮልት አካባቢ ነው፣ 2.7 ወይም ከዛ በታች ከሆነች ቀይራት፣ የፕላስ ምልክቱ ወደ ላይ። ቀኑ ትክክል ሆኖ ራሙ ብቻ ከተመለሰ ግን ባትሪ አይደለም፣ ቦርዱ በ3200 ለመነሳት ሞክሮ አቅቶት ነው፣ ያኔ ፍጥነቱን 2933 አርገህ ሞክረው።

ጭራሽ አልነሳም ካለ ከሶኬት ንቀለው፣ ፓወር ቁልፉን ትንሽ ተጫንና ያዘው፣ ባትሪዋን አውጥተህ ከደቂቃዎች በኋላ መልሳት፣ ወደ መደበኛው ተመልሶ ይነሳል፣ የሚበላሽ ነገር የለም።

አንድ ነገር ግን አደራ፣ የሆነ ሰው ባዮሱን አፕዴት አርገው ቢልህ ያለ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን የሚይዝ ባትሪ) እንዳትሞክረው። ኤክስኤምፒ እያበራህ መብራት ቢሄድ ምንም አትሆንም፣ አፕዴት መሃል ላይ ቢሄድ ግን ቦርዱ ሊሞት ይችላል፣ ያንተ ችግር ደግሞ አፕዴት የሚፈልግ አይደለም።

ኤዲቱ ላይ ቪዲዮውን እየቆረጥክ ስታጫውተው መቆራረጡ እንደሚቀንስልህ እጠብቃለሁ። ኤክስፖርቱ ብዙ ላይፈጥን ይችላል፣ እሱ ፕሮሰሰሩም ላይ ነው ያለው። ፕሮግራሙ ለመከፈት የሚቆየው ፋይልህ ሃርድዲስክ ላይ ስለሆነ ከሆነ ደግሞ ለራም ያሰብከውን ብር ኤስኤስዲ ላይ አውለው።

ሁሉን ከጨረስክ በኋላ የደንበኛ ስራ ከመጀመርህ በፊት ሜምቴስት86 የሚባለውን የራም መፈተሻ ፕሮግራም ፍላሽ ላይ ጭነህ ማታ እንዲያድር ልቀቀው። አንድም ኤረር ቢያሳይህ ፍጥነቱን ዝቅ አርግ፣ የሰው ሰርግ በእጅህ ይዘህ በማይታመን ራም አትስራ። ታስክ ማናጀር ላይ 3200 ካለህ ደርሰሃል፣ ሲፒዩ-ዚ በሚባለው ፕሮግራም ላይ 1600 ቢልህ አትደናገጥ፣ እሱ ግማሹን ነው የሚያሳየው።