«ነከሰ»፣ «ከሸፈ» ወይስ «አልጎርስ አለ»?

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ መምህር። ለተኩስ ስፖርት ጀማሪዎች አጭር መመሪያ እያዘጋጀሁ ነው። አንዱ ምዕራፍ፣ አዲስ ከፊል አውቶማቲክ ሽጉጥ ጥይት በትክክል አልወስድ ሲል ምን ይደረግ የሚል ነው። ርዕሱን ‹የጥይት አመጋገብ አስተማማኝነት ችግሮች› አልኩት። ያነበቡልኝ ሰዎች ግን ግራ ገባቸው። አንዱ ‹ነከሰ በለው› ይለኛል፣ ሌላው ‹ከሸፈ በለው› ይለኛል። ሦስተኛው ደግሞ የጥይት መያዣውን ‹ካርታ› ያልኩትን ሁሉ ‹ካዝና› ብለህ አስተካክል አለኝ። ትክክሉ የቱ ነው?»

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሦስቱም አንባቢዎችዎ የሚያወሩት ስለ እውነተኛ አማርኛ ነው። ችግሩ «ነከሰ» እና «ከሸፈ» የሚናገሩት ስለ ተለያየ ብልሽት መሆኑ ነው።

ከርዕሱ ልጀምር። «አመጋገብ» ሲባል የአማርኛ አንባቢ የሚያስበው ጤናን ነው። ሽጉጥ በአማርኛ አይመገብም። ይጎርሳል። «ጠመንጃው ጎርሷል» ሲባል ጥይት በርሜሉ ውስጥ ገብቶ ለመተኮስ ተዘጋጅቷል ማለት ነው። ይህን የማያውቅ ተኳሽ የለም። እንዲያውም ልብ ብለው ካዩት የመሣሪያ አማርኛ አብዛኛው የአፍ አማርኛ ነው። ጥይት የሚወጣበት አፈሙዝ ነው። ጥይት ሲገባ ጎረሰ፣ መሀል ላይ ሲይዘው ነከሰ፣ ባዶውን ቀለህ፣ ማለትም የተተኮሰውን ጥይት ቅርፊት፣ ሲጥል ተፋ ይባላል። እንዲህ ያለ የተሟላ ቃል ተዘጋጅቶ እያለ ከሌላ ቋንቋ የተገለበጠ «አመጋገብ» ማምጣት አያስፈልግም።

ከዚህም የበለጠ የማደንቀው ግስ አለ፤ «አቀባበለ»። ቤተሰቦቹን ጎን ለጎን ያስቀምጧቸው። ተቀበለ፣ አቀበለ፣ ተቀባበለ፣ አቀባበለ። አሁን ሽጉጡ ውስጥ የሚሆነውን ይመልከቱ። ካርታው ከላይ ያለችውን ጥይት ያቀብላል። በርሜሉ ይቀበላል። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ደግሞ የላይኛው ተንሸራታች ብረት፣ ብዙዎች ስላይድ የሚሉት ነው። እሱን ወደ ኋላ ስቦ የለቀቀ ሰው አቀባበለ ይባላል። አንዱ እንዲሰጥ ሌላው እንዲቀበል አደረገ ማለት ነው። ከመጀመሪያዋ ተኩስ በኋላ ይህን ሥራ ሽጉጡ ራሱ ይወስደዋል። ስላይዱ በተኩሱ ግፊት ወደ ኋላ ሲሄድ ባዶውን ቀለህ ጎትቶ ይተፋል። በሞላ ተገፍቶ ሲመለስ አዲሷን ጥይት ከካርታው ገፍቶ ያጎርሳል። ከፊል አውቶማቲክ የሚያሰኘውም ይኸው ነው፤ ማቀባበሉ የራሱ፣ ቃታ መሳቡ የእርስዎ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ። ለመመሪያዎ «የሽጉጥ አቀባበል» ብለው አይጻፉ። «አቀባበል» እንግዳን መቀበያ ሆኖ ቆይቷል፤ አንባቢው ወደዚያ ይሄዳል። «ማቀባበል» ይበሉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። የግሱ ምርጫ የስልት ጉዳይ ብቻ እንዳይመስልዎ። ጥይቷ የት ላይ እንደቆመች የሚናገረው ግሱ ነው። ግሱ ከተሳሳተ ጠጋኙም የተሳሳተ ቦታ ይፈልጋል።

ቃታ ተስቦ «ቃ!» ብሎ ብቻ ሲቀር አስቡት። ተኳሹ «ከሸፈ» ይላል። ሊሆን ይችላል። ግን ድምፁ ብቻ አይነግርዎትም፤ ያልጎረሰ ሽጉጥም «ቃ!» ነው የሚለው። አፈሙዙን ወደ ደኅና አቅጣጫ እንደያዙ ቢያንስ 30 ሰከንድ ይቆያሉ፤ አንዳንዴ ጥይት ዘግይታ ትተኮሳለችና። ከዚያ ካርታውን ያወጣሉ፣ ስላይዱን ይስባሉ። ያልተተኮሰች ጥይት ወደቀች እንበል። አንስተው ቂጧን ይዩ። መምቻው የመታት ጎድጓዳ ምልክት ካለ፣ ከሽፏል። ተመታ፣ አልተነሣም። ጥፋቱ የጥይቱ ወይም የመምቻው ነው። ምንም ነገር ካልወደቀና በርሜሉ ውስጥም ጥይት ከሌለ ደግሞ ከመጀመሪያው አልጎረሰም። ስላይዱ ጥይቷን ሳይነካ በላይዋ አልፎ በባዶ በርሜል ላይ ተዘግቷል። ይህ የካርታው ነገር ነው። ወይ እስኪቆልፍ ድረስ አልተገፋም፣ ወይ ከታች የሚገፋው ሞላ ደክሟል። ስላይዱም ሙሉ መንገዱን ወደ ኋላ ሳይሄድ ተመልሶ ሊሆን ይችላል። «ዕቅዱ ከሸፈ» ማለት ስለለመድን ያልተሳካ ነገር ሁሉ የከሸፈ ይመስለናል። በመሣሪያ ዘንድ ግን ከሸፈ የሚባለው ተመትቶ ያልፈነዳ ብቻ ነው።

«ነከሰ» ሰፋ ያለ ነው፤ ስለዚህ ብቻውን አይተዉት። ምን ነከሰ? ተሳቢውን ይጻፉለት። «ሽጉጡ ጥይት ነከሰ» እና «ሽጉጡ ቀለህ ነከሰ» ሁለት የማይገናኙ በሽታዎች ናቸው። የመጀመሪያው የማጉረስ ችግር ነው። ጥይቷ ከካርታው ወጥታለች፤ ግን አፍንጫዋ ወደ በርሜሉ በሚያስገባው ዘቅዛቃ ብረት ላይ ተደግፎ ቆሟል። የካርታው ከንፈሮች ጠመዋል፣ ወይም የአረሩ፣ ማለትም በርሮ የሚመታው የጥይቱ ክፍል፣ ቅርጽ ለዚያ ሽጉጥ አይመችም። ሁለተኛው የመትፋት ችግር ነው። ባዶው ቀለህ ሊወጣ ሲል ስላይዱ ተመልሶ ይይዘዋል፤ ብዙ ጊዜ ቀለሁ ቀጥ ብሎ ቆሞ ይታያል። እዚያ ላይ ካርታ ቢለዋወጥ አይፈታውም። ቀለሁን የምትጎትተዋን ጥፍር ነው ማየት። አለበለዚያ የተኳሹን እጅ። አንጓው ከላላ ሽጉጡ አብሮ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ስላይዱም ጉልበት ያጣል።

በዚህ አጋጣሚ «ጥይት» የሚለው ቃል ብዙ ሸክም አለበት። ሙሉውም ጥይት ነው፣ በርሮ የሚመታውም ጥይት ነው። በንግግር ግድ የለም። በመመሪያ ግን ሙሉውን «ጥይት»፣ የሚበርረውን «አረር»፣ ባዶውን ቅርፊት «ቀለህ» ብለው ይለዩ። «ጥይቱ በርሜል ውስጥ ቀረ» ቢሉ አንባቢው ያልተተኮሰ ጥይት አልወጣም ብሎ ሊረዳ ይችላል። «አረሩ በርሜል ውስጥ ቀረ» ግን ከባድ አደጋ ነው። ተኩሱ እንደወትሮው ሳይጮህ ደከም ብሎ ከተሰማ ወዲያው ማቆም የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ ሌላ ጥይት ከኋላው ከተተኮሰ በርሜሉ ሊፈነዳ ይችላል። እዚህ ላይ የአንድ ቃል ልዩነት የሰው እጅና ዓይን ያድናል።

«አልጎርስ አለ» ስለሚለው አባባል በተለይ ልናገር እፈልጋለሁ፤ የሚጽፉት ምዕራፍ ላይ በጣም ይጠቅምዎታል። ሦስቱን ያነጻጽሩ። «ሽጉጡ አልጎረሰም» አንድ ጊዜ የሆነ ነገር ይናገራል። «ሽጉጡ አይጎርስም» ጠባይ ይናገራል፤ ለምሳሌ «አፍንጫው የተቦረቦረ ጥይት አይጎርስም፣ ድቡልቡሉን ግን ይጎርሳል»። «ሽጉጡ አልጎርስ አለ» ግን ሌላ ነው። ሞክረንዋል፣ ይሆናል ብለናል፣ እምቢ ብሏል። ግዑዙ ነገር ራሱ አፍ አውጥቶ «አልጎርስ» እንዳለ ያህል ነው። ለዚህም ነው ብዙ ቁጥር ላይ እንኳ «ሽጉጦቹ አልጎርስ አሉ» የምንለው፤ ግሱ አይለወጥም፣ «አለ» ብቻ ይለወጣል። ብልሽት ለመግለጽ ከዚህ የተሻለ አነጋገር አማርኛ ውስጥ አላውቅም። በሩ አልከፈት አለ፣ መኪናው አልነሣ አለ፣ ስላይዱ አልዘጋ አለ።

የመጨረሻዋን ልያዝና፣ «አልዘጋ አለ» ራሱን የቻለ ችግር ነው። ጥይቷ ገብታለች፣ ስላይዱ ግን ጥቂት ሚሊ ሜትር ሲቀረው ቆሟል። አዲስ ሽጉጥ ላይ ይህ የተለመደ ነው። ከፋብሪካ ሲወጣ የተቀባው የዝገት መከላከያ ቅባት ወፍራም ነው፤ እሱን ጠርጎ በስሱ ዘይት መቀባት ብቻ ብዙ ጊዜ ይፈታዋል። ጀማሪዎች ደግሞ ስላይዱን በእጃቸው ይዘው ቀስ እያሉ ይመልሱታል። አይሆንም። ስቦ መልቀቅ ነው፤ ሞላው የራሱን ጉልበት ይጠቀም።

«አስተማማኝነት» የሚለውን ደግሞ ከርዕሱ ያውጡት። ቃሉ ትክክል ነው፤ ቦታው ግን እዚህ አይደለም። አማርኛ ይህን ሐሳብ የሚሸከመው በተውሳከ ግስ ነው። «አልፎ አልፎ ይነክሳል»፣ «ካርታው ሲሞላ የመጀመሪያዋን አይጎርስም»፣ «መጨረሻዋ ላይ ሁልጊዜ ይነክሳል»። እነዚህ ዓረፍተ ነገሮች «አስተማማኝ አይደለም» ከሚለው ይልቅ ለጠጋኝ ብዙ ይነግሩታል። መቼ እንደሚያስቸግር ነግረውታልና። ሁልጊዜ መጨረሻዋ ላይ ከሆነ ደካማ የካርታ ሞላ ይጠረጠራል። አንድ ካርታ ላይ ብቻ ከሆነ ካርታው ነው። ለዚህ ነው ካርታዎቹ ላይ ቁጥር ይጻፍባቸው የሚባለው፤ ካልተጻፈ የትኛው እንደሆነ ማንም አያስታውስም።

ለአዲስነቱ ደግሞ ቆንጆ ቃል አለን፤ «ማሟሸት»። ዘፋኝ ድምፁን እንደሚያሟሸው አዲስ ሽጉጥም ይሟሻል። ሞላው ጠንካራ ነው፣ የሚፋተጉት ብረቶች ገና አልተላመዱም። 200 ያህል ጥይት ሳይተኮስበት ፍርድ አይሰጥ የሚሉ ብዙ ናቸው። «አዲሱ ሽጉጥ ገና አልተሟሸም» ቢሉ ሐሳቡ በአራት ቃል አለቀ።

ካርታ ወይስ ካዝና? ሁለቱም ይባላል፣ ሁለቱም ይገባል። «አንድ ሽጉጥ ከነካርታው» ሲባል ጂኦግራፊ የሚያስብ የለም። «ካዝና» የገንዘብ ሣጥንም ስለሆነ ብቻ ስህተት አይሆንም። እኔ ለእርስዎ መመሪያ ካርታን እመርጣለሁ፤ አጭር ነው፣ ተኳሾችም አፋቸው ላይ አለ። ዋናው ግን አንዱን መርጦ እስከ መጨረሻው መጽናት ነው። አንድ ገጽ ላይ ካርታ፣ ሌላው ላይ ካዝና፣ ሦስተኛው ላይ «የጥይት መያዣ» ካሉ ጀማሪው ሦስት ዕቃ ይፈልጋል።

ከደብዳቤዎ ጋር የላኩትን ዓረፍተ ነገር እንየው። «የአመጋገብ አስተማማኝነት ችግር በሚከሰትበት ጊዜ የጥይት መያዣው መፈተሽ ይኖርበታል፤ በመቀጠልም የጥይቱ ዓይነት እንዲሁም የቅባቱ ሁኔታ ሊጤን ይገባል።» ማን ነው የሚፈትሸው? ማን ነው የሚያጤነው? ሰው የለበትም። እኔ እንዲህ እጽፈው ነበር፦

«አዲሱ ሽጉጥዎ አልጎርስ ካለ መጀመሪያ ካርታውን ይቀይሩ። በሌላ ካርታ ከጎረሰ ጥፋቱ የካርታው ነው። አሁንም እምቢ ካለ ሽጉጡን ወልውለው ዘይት ይቀቡት። ከዚያ ድቡልቡል አፍንጫ ያለው፣ በፋብሪካ የተሠራ ጥይት ይሞክሩ። ሁሌም አንድ ነገር ብቻ ይቀይሩ። ይህን ሁሉ አድርገው ካልተስተካከለ ወደ ባለሙያ ይውሰዱት፤ ብረቱን ራስዎ አይሞርዱ።»

«በሚከሰትበት ጊዜ» ጠፍቶ «ካለ» ተተካ። «ሊጤን ይገባል» ጠፍቶ «ይሞክሩ» መጣ። አንድም ትርጉም አልቀረም።

አንድ የመጨረሻ ነገር፣ ከሁሉም በላይ እንዲያርሙት የምለምንዎት። ምዕራፉን የጀመሩት «ሽጉጡ ባዶ መሆኑን ያረጋግጡ» ብለው ነው። «ባዶ» እዚህ ላይ አደገኛ ቃል ነው። ካርታውን ያወጣ ሰው «ባዶ ነው» ይላል፤ ሽጉጡ ግን ጎርሶ ሊሆን ይችላል። «ባረቀበት» የሚባለው አደጋ ብዙ ጊዜ የሚመጣው እንዲህ ነው። «ባረቀ» ደግሞ አድራጊ የሌለው ግስ ነው፤ መሣሪያው በገዛ ፈቃዱ የተኮሰ ያስመስላል። ስለዚህ «ባዶ» የሚለውን አውጥተው በሦስት አጫጭር ትእዛዝ ይተኩት። «ካርታውን ያውጡ። ስላይዱን ወደ ኋላ ስበው ይቆልፉ። በርሜሉ አለመጉረሱን በዓይንዎ አይተው፣ በጣትዎ ዳስሰው ያረጋግጡ።» ቅደም ተከተሉም እንዳይዛነፍ። ካርታው ሳይወጣ ስላይዱ ተስቦ ከተለቀቀ ሽጉጡ እንደገና ይጎርሳል።