ጀልባ ለመግዛት ለምታስቡ ልጆቼ

ባለፈው ክረምት አንድ የሰፈራችን ወጣት ግቢዬ ገብቶ ጀልባዋን አየና «ጋሼ፣ እኔም ብር ሳጠራቅም አንድ እገዛለሁ» አለኝ። ደስ አለኝ። ያን ቀን ያልነገርኩት ብዙ ነገር ግን አለ። ለእሱም ለእናንተም ልጻፈው።

የምኖረው አቃቂ ነው። ከ35 ዓመት በላይ መካኒክ ሆኜ ሠርቻለሁ። ጀልባዋን ከሦስት ጓደኞቼ ጋር አዋጥተን ነው የገዛናት። ያገለገለች የፋይበር ግላስ ጀልባ ናት፤ ሞተሯ 25 የፈረስ ጉልበት። በዓመት ውሃ ላይ የምትውልባቸው ቀናት ቢቆጠሩ 20 አይሞሉም። ሌላውን ጊዜ እዚሁ ግቢ፣ ቆርቆሮ ጥላ ስር፣ ተሳቢዋ ላይ ናት። ጀልባ አለኝ ማለት በአብዛኛው ቅዳሜን ቱታ ለብሶ መዋል ነው።

አባ ሳሙኤል ግድብ ቅርባችን ነው። ትልቁም ትንሹም አቃቂ ወንዝ የሚገባው እዚያ ነው። ግን የከተማው ቆሻሻ ይወርድበታል፣ እምቦጭም ወርሮታል። እምቦጭ ጀልባዋን በሚገፋው የሞተር ክንፍ፣ ፕሮፔለሩ ላይ ከተጠመጠመ ሞተር ያንቃል። ደጃችን ያለውን ውሃ ትተን ላንጋኖ ሐይቅ ድረስ ስንጎትታት ሁሌም ያመኛል።

ከመሄዳችን በፊት ሞተሩን በርሜል ውሃ ውስጥ ነክረን እናስነሳዋለን። ጭሱ ግቢውን ይሞላል፣ የጎረቤት ልጆች አጥር ላይ ይንጠለጠላሉ። የኛ ዓይን ከሞተሩ ጎን በቀጭኑ የምትፈሰው ውሃ ላይ ነው። ከፈሰሰች ማቀዝቀዣው ይሠራል። ካልፈሰሰች ሞተሩ ወዲያው ይጠፋል፣ ፓምፑ ይፈታል። ፓምፑ ውስጥ ያለችው ባለ ክንፍ ላስቲክ መዳፍ አትሞላም። እሷ ደርቃ ከተሰነጠቀች ግን ሞተሩ ግሎ ይነክሳል፣ ማለትም ውስጡ ተጣብቆ ይቆማል። ነዳጁም እንደ ድሮ ቬስፓ ዘይት ይቀላቀልበታል፤ ለኛ ሞተር ለ20 ሊትር ቤንዚን 400 ሚሊ ሊትር። አንዳችን ይለካል፣ ሌላው ቆሞ ያያል። «ዘይት ገብቷል?» ሁለት ጊዜ ይጠየቃል።

በመጀመሪያው ዓመት ሞጆን አልፈን የተሳቢው ኩሽኔታ፣ ጎማው የሚሽከረከርበት ብረት፣ ተቃጠለ። ጥፋቱ የኔ ነበር። በቀደመው ጉዞ ሐይቁ ጋ እንደደረስን፣ የጎማው መሃል እጅ እያቃጠለ ተሳቢውን ውሃ ውስጥ አስገባሁት። የጋለ ብረት ድንገት ሲቀዘቅዝ ውሃ ወደ ውስጥ ይስባል፣ ግሪሱ ይበላሻል። መጀመሪያ ቆሞ እስኪበርድ መጠበቅ ነበረብኝ።

ሦስታችን ኩሽኔታ ፍለጋ ወደ ሞጆ ተመለስን። አራተኛው፣ ከሁላችን ዝምተኛው የሂሳብ ሠራተኛ፣ ጀልባዋን ሊጠብቅ ቀረ። ሲመሽ ስንመለስ ጎማውን አውልቆ፣ እያንዳንዷን ዕቃ በናፍጣ አጥቦ፣ በአወላለቋ ቅደም ተከተል ጋዜጣ ላይ ደርድሯት አገኘነው። ብሎኖቹን እንኳ በፌስታል ለብቻ ቋጥሯቸዋል። ማንም አላስተማረውም። ቅዳሜ ቅዳሜ የእጅ ባትሪ ሲይዝልኝ እያየ ነው የለመደው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንድሜ ነው። ልጄን ስድር ሽማግሌ ሆኖ የተቀመጠልኝም እሱ ነው።

ከሌላው ጓደኛችን ጋር ግን ተኳርፈን ነበር። ጀልባዋን ወስዶ እንግዶቹን ይዞ ሄደ፤ ሲመልሳት የውሃ ማፍሰሻዋ ቡሽ ጠፍቷል፣ የመንሳፈፊያ ጃኬቶቹ እርጥብ እንደሆኑ ተጠቅጥቀው ሻግተዋል። ተናግሬ አስቀየምኩት። ስምንት ወር አልተነጋገርንም። ቆይቼ ሳስበው ስንገዛ ብር እንጂ ደንብ አላዋጣንም። ማን ያጥባል፣ ማን የሰበረውን ይጠግናል፣ አልተባለም። ለእንቁጣጣሽ ቤቱ ሄድኩ። ዛሬ ደብተር አለን፤ ያወጣ ያጥባል፣ የሰበረ በዕለቱ ይናገራል፣ ወጪው ሁሉ ይጻፋል። ደብተሩን የያዘው እሱ ነው።

እናም ልጆቼ፣ ለብቻችሁ አትግዙ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ከማን ጋር የሚለውን ግን በደንብ እዩ። ለፎቶ የሚመጣውን ሰው አትጥሉት፤ ጋብዙት፣ አዝናኑት። የምታዋጡት ግን እጁን ግሪስ ሲነካው ቅር ከማይለው ጋር ይሁን። ከመግዛታችሁ በፊት የሌላ ሰው ጀልባ ላይ አንድ ክረምት ሥሩ። ዋናም ተማሩ። አብዛኞቻችን ከውሃ ርቀን ያደግን ነን። ላንጋኖ ጠዋት እንደ መስተዋት ተኝቶ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ማዕበሉ ያስደነግጣል። ጃኬት ሳታስሩ አትነሱ። የሚዋኝም ያስራል።

በዚህ ቅዳሜ የፓምፑን ላስቲክ እንቀይራለን። ያን ልጅ ጠርቼዋለሁ። በልኩ ቱታ አግኝቼለታለሁ፣ የእጅ ባትሪውን የሚይዘው እሱ ነው።