ነሐሴን ለንባብ፦ ከሐዋሳ የመጡ ጥያቄዎችና መልሶች

«ዘንድሮ ነሐሴን ለንባብ እንስጠው» ብዬ በዚህ ዓምድ ከጻፍሁ ወዲህ ከሐዋሳ አንባቢያን በርከት ያሉ ጥያቄዎች ደርሰውኛል። የሚመሳሰሉትን አጣምሬ ለአምስቱ እንደሚከተለው እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ በወሩ መጀመሪያ አምስት መጽሐፍ ለመጨረስ ለራሴ ቃል ገብቼ ነበር፤ ዛሬ ነሐሴ 24 ቀን ሆኖ ገና ሁለተኛውን አላጋመስሁም። ጥፋቴ ምን ላይ ነው? (የባንክ ሠራተኛ፣ ከአቶቴ)

መልስ፦ ጥፋትዎ ከንባብዎ ሳይሆን ከስሌትዎ ይመስለኛል። ከጳጉሜን በቀር የእኛ ወር ሁልጊዜ 30 ቀን በመሆኑ ሒሳቡ አያስቸግርም። እያንዳንዳቸው 250 ገጽ ያላቸው አምስት መጻሕፍት በድምሩ 1,250 ገጽ ይሆናሉ፤ ይህም በቀን ወደ 42 ገጽ ነው። አንዱን ገጽ በሁለት ደቂቃ ቢጨርሱ እንኳ በየቀኑ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይጠይቅዎታል፤ ቀኑን ሙሉ ቁጥር ሲቆጥር ለዋለ ሰው ደግሞ ይህ ቀላል ሸክም አይደለም። በቀን 10 ገጽ ብቻ የሚያነብ ሰው ግን በወር 300 ገጽ፣ ማለትም አንድ ደኅና ልብ ወለድ ይጨርሳል። ስለዚህ ዕቅድዎን በመጽሐፍ ቁጥር ሳይሆን በሰዓት ያስሩት፤ ጠዋት ስልክዎን ከመክፈትዎ በፊት ያለችው ግማሽ ሰዓት ማታ በድካም ከሚሰረቀው ሰዓት ትሻላለች።

እኔ ራሴ ዘንድሮ ነሐሴ ውስጥ የጨረስሁት ሁለት መጽሐፍ ነው። አንደኛውን እየተሽቀዳደምሁ በአራት ቀን ጨረስሁትና ከሳምንት በኋላ መጽሐፉን ሳልገልጥ ሦስት ዓረፍተ ነገር ልጽፍበት ብሞክር ከዋናው ገጸ ባሕርይ ስም በቀር የመጣልኝ ነገር አልነበረም። ሁለተኛውን በዝግታ፣ ኅዳጉ ላይ በእርሳስ እየጫርሁ ስላነበብሁት ዛሬም ትዕይንቶቹ ፊቴ ላይ ናቸው። ደግሞም ወሩ አለቀ ብለው አይዘኑ፤ ጳጉሜን ለተጋመሰ መጽሐፍ የተፈጠረች ትመስለኛለች።

ጥያቄ፦ የጀመርሁትን መጽሐፍ ሳልጨርስ መተው ነውር ነው?

መልስ፦ አይደለም። እስከ 50ኛው ገጽ ድረስ ዕድል ይስጡት፤ ከዚያ በኋላም ካልያዘዎ ዕልባቱን እንዳለ ትተው ወደ መደርደሪያው ይመልሱት። በሠላሳ ዓመት ያልገባ መጽሐፍ በአርባ ሲገባ አይቻለሁ።

ጥያቄ፦ ስድስት መምህራን ሆነን እሑድ ከሰዓት ፍቅር ሐይቅ ዳር እየተገናኘን ስለ መጽሐፍ ለመወያየት ጀመርን፤ ነገር ግን ሁልጊዜ ወሬው ወደ ትምህርት ቤታችን ጉዳይ ይሄድብናል። ምን እናድርግ?

መልስ፦ በመጀመሪያ ቦታውንና ሰዓቱን ይለውጡ። ሐይቁ ዳር እሑድ ከሰዓት ነፋሱ ገጹን ያገላብጣል፣ ሙዚቃው ድምፅ ያስጮሃል፣ የሚያልፍ የሚያገድመውም ሁሉ ሰላምታ ይጠይቃል። ጠዋት ላይ፣ ወይም በየተራ በአንዳችሁ ቤት ብታደርጉት ይሻላል። ቤት ከሆነ ቡናው ራሱ ሰዓት ጠባቂ ይሆንላችኋል፤ ውይይቱ በአቦል ተጀምሮ በበረካ ይዘጋ፣ የትምህርት ቤቱ ጉዳይ ከዚያ ወዲያ ይምጣ።

ሁለተኛው ችግር የመጽሐፍ ምርጫችሁ ሊሆን ይችላል። ስድስት ሥራ የበዛባቸው ሰዎች ከ500 ገጽ በላይ የሆነ ልብ ወለድ በሁለት ሳምንት ያነባሉ ማለት ዘበት ነው፤ ያላነበበው ሰው ደግሞ አፍሮ ዝም ከማለት ይልቅ ወሬ መቀየር ይቀለዋል። በአጭር ጀምሩ። በ1900 ዓ.ም. ሮም የታተመው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ሥራ፣ ዛሬ ብዙዎች «ጦቢያ» እያሉ የሚጠሩትና የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ተብሎ የሚታወቀው፣ በጥቂት ቀን የሚያልቅ በመሆኑ ለእናንተ ይስማማል፤ የአማርኛው ለዛም ብቻውን አንድ ቀን ያነጋግራል። በየስብሰባው አንድ ሰው የመረጠውን ሁለት ገጽ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብ፤ ሌላው ሁሉ አንድ አንድ ጥያቄ ጽፎ ይምጣ። ያልጨረሰ ሰው መምጣት ይችላል፤ ነገር ግን መጨረሻውን አትንገሩኝ ብሎ ሊለምን አይገባም።

ጥያቄ፦ የልብስ ስፌት ሥራዬ እጄን ስለሚይዘው መጽሐፍ የማውቀው በትረካ ነው። ይህ ንባብ ይባላል?

መልስ፦ ይባላል፣ ለእኔ። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው የሰሙ ብዙዎች መጽሐፉን በእጃቸው ሳይዙ ገጸ ባሕርያቱን እንደ ጎረቤት ያውቋቸዋል። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ ተራኪው የራሱን ትርጓሜ በድምፁ ውስጥ ያኖራል። በጣም የወደዱትን ምዕራፍ በበዓል ቀን ከመጽሐፉ ላይ ያንብቡት፤ ተራኪው ያሳዘነዎት ቦታ ላይ ምናልባት ራስዎ ሊስቁ ይችላሉ።

ጥያቄ፦ የመጽሐፍ ዋጋ ከአቅሜ በላይ ሆኗል። ሌላ መንገድ አለ? (ተማሪ፣ ከታቦር)

መልስ፦ አሮጌ መጽሐፍ ከሚሸጡት ጋር ይወዳጁ፤ አንብበው የመለሱትን በጥቂት ጭማሪ በሌላ የሚለውጡ፣ ጥቂት ብር ተቀብለው የሚያከራዩም አሉ። አምስት ጓደኛሞች በየወሩ አንድ አንድ መጽሐፍ ቢገዙና ቢዟዟሩ እያንዳንዱ በአንድ ዋጋ አምስት ያነባል። ለዚህ ግን ደብተር ያስፈልጋል፦ የመጽሐፉ ስም፣ የወሰደው ሰው፣ የሚመለስበት ቀን። እኔ ደብተር አልያዝሁም ነበርና ለአንድ ወዳጄ ያዋስሁት መጽሐፍ ከሁለት ዓመት በኋላ ያለ ሽፋኑ ተመለሰልኝ፤ ሽፋኑ የት እንደ ሄደ እስከ ዛሬ አልተነገረኝም። የተረከባችሁትን መጽሐፍ በጋዜጣ ለብዱት፤ ክረምት ስለሆነም ከርጥብ ግድግዳ አርቃችሁ አቁማችሁ አኑሩት፣ ብል የሚወደው ተጨናንቆ የተቆለለውንና ማንም የማይገልጠውን ነው።