«አዎ» ያለው ገዢ

በቅርቡ ቡና ላኪ ድርጅት ውስጥ ሥራ የጀመረች ልጅ «ጋሼ፣ የኮሪያው ገዢ የጻፈው ኢሜይል አይገባም፤ ምን ማለትህ ነው ብዬ ብጠይቀው እንግሊዝኛ አታውቂም አይለኝም?» አለችኝ። እኔም በእሷ ዕድሜ የፈራሁት ይህንኑ ነበር።

1989 ዓ.ም. ነው። ግንቦት ላይ የኒውዮርክ የቡና ዋጋ ጣሪያ ነክቶ ቁልቁል መውረድ የጀመረበት ሰሞን። ለአንድ ጃፓናዊ ገዢ አንድ ኮንቴይነር ይርጋጨፌ፣ 320 ጆንያ፣ አዘጋጅተናል። በፋክስ «ከመጫኑ በፊት ሌላ ናሙና አትፈልጉም?» ብዬ ጠየቅሁ። መልሱ አንድ መስመር ነበር፦ «የስ። ፕሊዝ ሃሪ።» በተማርኩት እንግሊዝኛ «የስ» ማለት እንፈልጋለን ነው። ናሙና ላክሁና መልስ መጠበቅ ያዝሁ።

የመጋዘን ኃላፊያችን በዕድሜ የገፉ ሰው ነበሩ። ፋክሱን ሳነብላቸው «ልጄ፣ ‹ቡና አልጠጡም?› ብትለኝ፣ ካልጠጣሁ ‹አዎ› አይደል የምልህ?» አሉኝ። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ እንግሊዝኛ ነው» ብዬ አለፍኳቸው። ጃፓኖች እንዲህ ላለ ጥያቄ ልክ እንደኛ እንደሚመልሱ የገባኝ ኋላ ነው። ሰውየው «አዎ፣ አንፈልግም፤ ቶሎ ጫኑ» ነበር ያለው። መርከቡ ቡናችንን ሳይዝ ጅቡቲን ለቀቀ፤ የኤልሲው፣ ማለትም ባንክ ለክፍያው ዋስ የሆነበት ሰነድ፣ የመጫኛ ቀን አለፈ። ገዢው በወረደው ዋጋ ካልሆነ ቀኑን አላራዝምም አለ፤ ምርጫ ስላልነበረን ተስማማን።

ሥራ አስኪያጁ ሲጠይቁኝ «እንግሊዝኛቸው አይገባም» አልኩ። ጋሼ በሩ ላይ ቆመው ይሰማሉ፤ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። እስኪሞቱ ድረስ «እርስዎ ልክ ነበሩ» አላልኳቸውም።

የዛሬ ልጆች ደብዳቤውን ስልክ ላይ ለጥፋችሁ ጥርት ያለ አማርኛ ታወጣላችሁ። ስልኩ የተወላገደውን ሲያቃና መጠርጠር የነበረባችሁንም ቦታ ይደፍነዋል። ጥሬውን አንብቡ፤ ሰውየው በአፍ መፍቻ ቋንቋው ምን ሊል እንደፈለገ አስቡ። ያልገባችሁን ሁሉ ጠይቁ እንዳልል ደግሞ፣ ለእያንዳንዱ ግድፈት ማብራሪያ የሚጠይቅ ሻጭ ገዢ ያሰለቻል። ቀን፣ መጠንና ዋጋ ላይ ግን ይሉኝታ የለም። ባንኮች ለኤልሲ በሚሠሩበት በዩሲፒ 600 ደንብ «አንቲል 15 ሜይ» (እስከ ሜይ 15) ሲባል 15ኛው ቀን ይቆጠራል፤ «ቢፎር 15 ሜይ» (ከሜይ 15 በፊት) ሲባል አይቆጠርም። ኢሜይሉን የጻፈው ሰው ግን ይህን ልዩነት ላያስበው ይችላል።

አንቺም «አትፈልጉም ወይ» ብለሽ አትጠይቂ። ኮሪያዎችም «አዎ» አባባላቸው እንደኛው ነው። «ናሙና ሳንልክ እንጭናለን፤ ናሙና ከፈለጋችሁ ግን እስከ ሐሙስ አሳውቁን» ብለሽ ጻፊ። መልሱ «የስ» ብቻ ከሆነ ደውዪለት። ሴኡል ከእኛ በ6 ሰዓት ትቀድማለችና ጠዋት 3 ሰዓት ሳይሞላ አድርጊው።