አፌ «ማረን» ሲል ልቤ «አጥፋቸው» ይላል

ጥያቄ፦ መምህር፣ ቃለ ሕይወት ያሰማልን። ወንድሜ በሰሜኑ ጦርነት ሞቷል። ደብራችን ስለ ሀገር ሰላም ምህላ ሲይዝ አልቀርም፤ ነገር ግን በአፌ «እግዚኦ» እያልሁ ልቤ «አጥፋቸው» ይላል። ዳዊትስ ጠላቶቹን ረግሞ የለም? ወይስ ግብዝነት ነውና ምህላውን ልተወው?

መልስ፦ እኅቴ፣ እግዚአብሔር የወንድምሽን ነፍስ ከደጋጎቹ ጋር ይደምርልን፤ ለአንቺም መጽናናቱን ይስጥሽ። ምህላውን አትተዪ። ልቡ የጠራ ብቻ ይቁም ቢባል ቤተ ክርስቲያን ባዶዋን በቀረች ነበር።

አንቺ ባፈርሽበት ነገር የማያፍሩ ብዙዎችን አውቃለሁ። ስለ ሀገር መጸለይና ለወገን ድል መለመን ለእነርሱ አንድ ነው። በዚያው ጦርነት ወቅት ያየሁት ዛሬም ከዓይኔ አልጠፋም። እግዚኦታው ወደ አርባ አንድ ሊደርስ ጥቂት ቀርቶታል። ከፊቴ የነበረ ጎልማሳ ከስግደቱ ሲነሣ ስልኩን ከነጠላው ሥር አውጥቶ አየና ለጎኑ ሰው «ተደመሰሱ» ብሎ አንሾካሾከ። ያኛውም «ተመስገን» አለ። ከዚያ ሁለቱም ግንባራቸውን መሬት አስነክተው «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» አሉ። ተደመሰሱ ከተባሉት መካከል በአርባ ቀኑ ተጠምቆ ስመ ክርስትና የወጣለት ስንቱ ነው! ከማዶም ቄስ ቆሞ ያንኑ ፍትሐት ያደርስለታል፤ እናቱም ያንኑ «እግዚኦ» ትላለች።

«መሐረነ» ማለት «ማረን» ነው። «እነርሱን ቅጣልን» የሚል ቃል በውስጡ የለም። ዳንኤል ገና በወጣትነቱ ወደ ባቢሎን የተጋዘ ሰው ነበር፤ ኢየሩሳሌምን ያስፈረሰው የእርሱ በደል አይደለም። ስለ ሀገሩ ማቅ ለብሶ ሲጸልይ ግን (ምዕራፍ 9) «ኃጢአትን ሠርተናል» ብሎ ራሱን ጨምሮ ጀመረ። ነገሥታቱ ያጠፉትን፣ አባቶች የበደሉትን ሁሉ ከእነርሱ ጋር ሆኖ ተናዘዘው። እኛ ግን በምህላ ቆመን የሌላውን ኃጢአት እንናዘዛለን።

«ኢትዮጵያ እጆችዋን ወደ እግዚአብሔር ትዘረጋለች» የሚለውን ሁላችንም በቃል እናውቀዋለን። እግዚአብሔር በኢሳይያስ አፍ፣ በምዕራፍ 1 ቁጥር 15፣ እጃቸውን ለሚዘረጉ ሌሎች ሰዎች የመለሰውን ግን ስንቶቻችን እናስታውሳለን? ልመናችሁን ብታበዙም አልሰማም አላቸው፤ እጆቻችሁ ደም ተሞልተዋልና። ይህን ሳነብ እፈራለሁ፤ እጅ መዘርጋት ብቻውን በቂ አይደለም ማለት ነውና።

ወደ ዳዊት ልመለስ። የርግማን መዝሙሮቹን አባቶች በአጋንንት ላይ ይተረጉሟቸዋል። አንቺ ግን በሳኦል ላይ ያደረገውን ተመልከቺ። ሊገድለው የሚያሳድደውን ሰው በዋሻ ውስጥ በእጁ አግኝቶ የልብሱን ጫፍ ብቻ ቆረጠ፤ በኋላም ሲሞት «ለሳኦል አልቅሱለት» ብሎ ሙሾ አወጣለት። ንዴቱን ሁሉ ለእግዚአብሔር ነገረው፤ በሰውየው ላይ ግን እጁን አላነሣም። አንቺም «አጥፋቸው» የሚለውን ልብሽን ከእግዚአብሔር አትደብቂው፤ ያውቀዋል። አልቅሰሽ ንገሪው። የገዳይ እጅ እንዲያዝ፣ ለተበደለ እንዲፈረድ መለመንም ኃጢአት አይደለም፤ ይህን የሚከለክልሽ ቢኖር አትስሚው።

ዛሬ ማታ ውዳሴ ማርያም ደግመሽ ለወንድምሽ ነፍስ ዕረፍት ስትለምኚ፣ በዚያው ቀን ከማዶ የወደቀውንም «አስበው» በዪ። ስሙን አታውቂውም፤ እግዚአብሔር ያውቀዋል። ቃሉ ከአፍሽ አልወጣ ካለ አትጨነቂ፣ ዝም ብለሽ ስገጂ፤ ነገም ሞክሪው። ለንስሐ አባትሽም ለእኔ የጻፍሽልኝን ያህል ንገሪያቸው።

የወንድምሽን ስመ ክርስትና ላኪልኝ። ነገ ጠዋት ከኪዳን በኋላ አስበዋለሁ።