መልስ፦ አባቴ «አይንኩ» እየተባሉ ዕቃውን ሁሉ ለምን ያነሳሉ?

እልህ አይደለም፤ ስለዚህ ክልከላውን ከመደጋገም ይልቅ ጠረጴዛውን ባዶ አድርገው በዚያ ሰዓት የሚያስፈልጋቸውን አንድ ዕቃ ብቻ ያቅርቡላቸው።

ስትሮኩ የአንጎላቸውን የፊት ክፍል እንደጎዳ ሐኪሙ ነግሮኛል ብለዋል፤ ነገሩን የሚያስረዳውም ይኸው ነው። እጀታ ያለው ሲኒ ስናይ፣ ለማንሳት ባናስብም እንኳ፣ አእምሯችን በእጀታው በኩል ያለውን እጅ ማዘጋጀት እንደሚጀምር ተከርና ኤሊስ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1998 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት አመልክተዋል። ጤነኛ ሰው ይህን ዝግጅት ሳይታወቀው ይገታዋል። የአንጎል የፊት ክፍል ሲጎዳ ግን ይህ ያለ ፈቃዳችን የሚሠራ ልጓም ይላላና፣ የታየው ዕቃ ራሱ እጅን መጥራት ይጀምራል። ፈረንሳዊው የነርቭ ሐኪም ፍራንስዋ ሌርሚት በ1983 እ.ኤ.አ. እንዲህ ያሉ ታካሚዎችን የገለጸ ሲሆን፣ መነጽር ሲቀርብላቸው ባደረጉት መነጽር ላይ ደርበው ያደርጉት ነበር። አባትዎም የሚያደርጉት ይህንኑ ይመስላል፤ እባክዎ አይቆጧቸው።

አንድ አደራ አለኝ። «እሺ፣ አልነካም» ማለታቸው አያዘናጋዎት። በፈቃድ ራስን መግታት ትኩረትን ስለሚጠይቅ፣ ሐሳባቸው ለአፍታ ዞር ሲል ይከሽፋል፤ እኔ ያስታመምኳቸው ዘመዴ ክልከላውን በአፋቸው እየደገሙ እጃቸው ወደ ቢላው ይሄድ ነበር። ስለዚህ ቢላ፣ የፈላ ጀበናና መድኃኒት ከእጃቸው ብቻ ሳይሆን ከዓይናቸውም ይራቁ፤ ጠባዩ በድንገት ከባሰ ደግሞ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይውሰዷቸው።